ድሬ ምድር ባቡር የሄድነው የክለቡ ጉዞ፦ ፎቶዎቹና አንድ የከበደኝ ጥያቄ

ብርሃን_አዳኝ (ክሩን የከፈተች)

ሰላም ቤተሰብ፣ ባለፈው ቅዳሜና እሁድ የፎቶ ክለባችን ድሬዳዋ ወርዶ የድሮውን ምድር ባቡር ጣቢያና የጥገና ጋራዡን ሲያነሳ ከረመ። 14 ሰው ነበርን። ፎቶዎቹን ከ1 እስከ 22 ቁጥር ሰጥቼ ለጥፌያቸዋለሁ፣ ሳትሳሱ አስተያየት ስጡባቸው፣ ግን መጀመሪያ ስለ ቦታው ትንሽ ልበል ምክንያቱም እኔ ከመሄዴ በፊት የጠበቅኩት ሁለት ሶስት አሮጌ ፉርጎ ቆሞበት ፎቶ ተነስተን የምንመለስበት ግቢ ነበር፣ ያየሁት ግን ሌላ ነው።

የሄድነው በአዲሱ ባቡር ነው፣ ከፉሪ ለቡ ጣቢያ። ሆን ብለን ነው እንደዛ ያደረግነው፣ አዲሱን ተሳፍሮ አሮጌውን ማየት። የአዲሱ ሃዲድ ስፋት 1435 ሚሊ ሜትር ነው፣ የድሮው ደግሞ ልክ አንድ ሜትር። ቁጥሩን ድሮም አውቀዋለሁ ግን የድሮው ሃዲድ መሃል ገብቼ ቆሜ ግራና ቀኙን ሳይ ነው ትንሽነቱ የገባኝ። በዚህች ጠባብ ሃዲድ ነው እንግዲህ ባቡሩ ከጅቡቲ ባህር ዳርቻ ተነስቶ 784 ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ በረሃውን አቋርጦ፣ አዋሽን ተሻግሮ፣ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ አዲስ አበባ ለገሃር ይገባ የነበረው። አፄ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃዱን የሰጡት በፈረንጆች 1894 ነው፣ ስራው ከጅቡቲ በ1897 ተጀምሮ ድሬ የደረሰው በ1902 መጨረሻ ነው፣ አዲስ አበባ ግን እስከ 1917 ድረስ አልገባም። ሐረር ድረስ ይወጣል ተብሎ ነበር አሉ፣ ተራራው ገንዘብ የሚበላ ሆነና እታች ሜዳው ላይ ቀረ፣ ሜዳውም ድሬዳዋ ሆነ። መጀመሪያ ስሟም አዲስ ሐረር ነበር።

ወደ ፎቶው ስመለስ፣ ጣቢያውን ጠዋት አነሳን (ከ1 እስከ 5)፣ እዛ ብዙ የምለው የለኝም፣ ቆንጆ ግንባር ነው፣ የፈረንሳይኛው ጽሁፍ አሁንም አለ፣ ማንም ያነሳዋል። ጋራዡ ግን ሌላ ዓለም ነው። ውስጡ ጨለማ፣ ውጭው የድሬ ፀሐይ፣ በቆርቆሮው ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን አቧራውን እየሰነጠቀ እንደ ዘንግ ወለሉ ላይ ይተከላል፣ ብረቱ በግራሶ ጠቁሮ ብርሃን ይውጣል። የካሜራውን ብርሃን መለኪያ ብረቱ ላይ አድርጋችሁ ስትለኩ መስኮቱ ይቃጠላል፣ መስኮቱ ላይ ስትለኩ ብረቱ ይጠፋል። እኔ ለመስኮቱ ለክቼ ራው (ካሜራው ሳያቀናብረው የሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) አነሳሁና ጨለማውን ቤት ገብቼ አወጣሁት፣ በ35 ሚሜ ሌንስ።

አሁን ጥያቄዬ። ፎቶዎቹን በሙሉ ጥቁርና ነጭ አድርጌ «የሞተው ባቡር» የሚል ርዕስ ሰጥቻቸዋለሁ፣ ለክለቡ ኤግዚቢሽንም በዚሁ ስም ላቀርብ ነው ያሰብኩት። ግን ከተመለስኩ ጀምሮ ርዕሱ አልተዋጠልኝም፣ ለምን እንደሆነ ደግሞ በግልጽ መናገር አቃተኝ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

---

ሃምሳ_ሚሜ

እኔም አብሬ ነበርኩ። በመጀመሪያ ለብርሃን እና ለአስተባባሪዎቹ ምስጋና፣ የፈቃድ ደብዳቤውን ቀደም ብለው ባይጨርሱልን ውጭ ቆመን ነበር የምንመለሰው። ሌላ ክለብ የሚሄድ ካለ ይሄን አደራ፣ ደብዳቤ፣ የስም ዝርዝር፣ ካሜራና ትራይፖድ ስንት እንደሆነ ሳይቀር ጻፉ።

7 እና 11 ለኔ የጉዞው ምርጥ ናቸው። 11 ላይ ሃዲዱ ከግራ ታችኛው ጥግ ተነስቶ አይንን ይዞ በሩ ድረስ ይወስደዋል፣ በሩ ላይ የቆመው ሰውዬ ባይኖር ኖሮ ባዶ ይሆን ነበር። 16 ትንሽ ዘማለች፣ ብረትና ህንፃ ሲሆን አይን ወዲያው ይይዘዋል አስተካክያት።

ጥቁርና ነጩ ላይ ግን አልስማማም። ከፈረንሳዮቹ አልስቶም ዲዝል ሎኮሞቲቮች ላይ የተላጠው ቀለም፣ ከስሩ የወጣው ዝገት፣ ከዛ ደግሞ የድሬ ሰማይ፣ ይሄን ሁሉ ቀለም አጥፍተሽ ምን ቀረሽ? ዲዝል እንፋሎቱን መተካት የጀመረው በ1950ዎቹ (በፈረንጆች) ነው፣ እነዚህም ስንቴ ቀለም እንደተቀቡ ከተላጠው ላይ ሽፋን በሽፋን ታዪዋለሽ። እኔ በከለር ነው የተውኩት።

---

አዲስ_ጀማሪ

እኔ በስልክ ነው ያነሳሁት፣ ካሜራ የለኝም፣ መጀመሪያ ፈርቼ ነበር ግን ማንም አላሳነሰኝም እና አመሰግናለሁ። ከፎቶዬ ውስጥ 14 ቁጥር ብርሃን አብራ ለጥፋልኛለች፣ ክብ የብረት መሪ ያለበት፣ ስሩ «የባቡሩ ሹፌር መሪ» ብዬ ጽፌያለሁ። በስልክ ጨለማ ውስጥ ስታነሱ ዝም ብላችሁ አትጫኑ፣ ብሩህ የሆነው ቦታ ላይ ነክታችሁ ያዙትና ብርሃኑን ወደ ታች ሳቡት፣ ሃምሳ ነው እዛው ያሳየኝ፣ ከዛ በኋላ ያነሳሁት ሁሉ ተለወጠ።

---

የከዚራ_ልጅ

አቦ ሰላም ነው። እኔ ድሬ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፣ አባቴ ምድር ባቡር 31 ዓመት ሰርቶ ነው ጡረታ የወጣው፣ የኖርነውም ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ስር ነው። ክሩን የላከልኝ ጓደኛዬ ነው፣ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየኋቸው፣ ያማሩ ናቸው፣ እጃችሁ ይባረክ። ግን ርዕሱን ሳነብ ልቤ ደማ እና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ሞተ የምትሉት ምኑ ነው? እናንተ የገባችሁት ጠዋት ነው፣ በሩን የከፈተላችሁ ሰው ሰራተኛ ነው፣ 9 ቁጥር ላይ እጁ ብቻ የተነሳው ሰው ቁልፍ ይዞ ቡሎን እያጠበቀ ነው። የሞተ ቦታ ላይ ማን ቡሎን ያጠብቃል? አዎ፣ አዲስ አበባ የሚሄደው ከቆመ ብዙ ዓመት ሆነው፣ አዲሱ ባቡር በኛ አቆጣጠር በ2009 መስከረም ሲመረቅ የኛ ሰፈር ሽማግሌዎች በቴሌቪዥን ሲያዩ የነበረውን ፊት እኔ ነኝ የማውቀው። ግን ይሄ ከተማ ከዚህ ግቢ ነው የወጣው። ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ አረቡ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ ሁሉ በዚህ ሃዲድ መጥቶ ነው ጎረቤት የሆነው። አባቴ አራት ቋንቋ ይናገራል፣ አንዱንም ትምህርት ቤት አልተማረውም፣ ጋራዥ ውስጥ ነው የተማረው። ቤታችን አጥር ላይ የቆመው ብረት የሃዲዱ አሮጌ ትራቨርስ ነው (ከሃዲዱ ስር በአግድም የሚነጠፈው)፣ እንጨት ምስጥ ይበላዋል ተብሎ መስመሩ በብረት ነበር የተነጠፈው፣ ድሬ ውስጥ ስትዞሩ አጥር ላይ በር ላይ ታዩታላችሁ፣ ሳታዩት አልፋችሁ ይሆናል እንጂ።

ሌላው ደግሞ፣ 22 ፎቶ ውስጥ ስድስቱ ላይ ሰው አለ፣ የአንዱም ስም የለም። የማሽኑ ፋብሪካ ስም ግን ተጽፏል። ይሄን ሳልናገር ባልፍ አባቴን የካድኩት ይመስለኛል። በክፉ አትዩብኝ።

---

ብርሃን_አዳኝ

የከዚራ ልጅ፣ በክፉ አላየሁትም፣ እንዲያውም ያልተዋጠልኝ ነገር ይሄ ነበር ማለት ነው። 9 ቁጥር ላይ ያሉትን አባት ፈቃድ ጠይቄ ነው ያነሳኋቸው፣ ሃያ ደቂቃ ያህል አብሬያቸው ቆሜ ነበር፣ እሳቸውም ስለ ስራው አጫውተውኛል፣ ስማቸውን ግን ሳልጠይቅ ነው የወጣሁት። የሌንሱን ቁጥር ጽፌ የሰውዬውን ስም አልጻፍኩም። ርዕሱን አነሳዋለሁ። ለአባትህም ሰላምታዬን አድርስልኝ፣ ከቻልክ ደግሞ ፎቶዎቹን አሳያቸው፣ የተሳሳተ ካለ ቢያርሙን ደስ ይለናል።

---

ሃምሳ_ሚሜ

ይሄ ሁላችንንም ነው የሚመለከተው፣ ብርሃን ብቻዋን አትሸከመው። እኔ ራሴ 40 ፎቶ አንስቼ ሰው ያለበት ሁለት ነው፣ ሁለቱም ጀርባ። ብረት ዝም ብሎ ይቆምልሃል፣ ሰው ግን ማናገር ይፈልጋል፣ እኔ ደግሞ ማናገሩን ሸሽቼ ነው።

---

ቶርኖ_ቤት

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ፎቶ አንሺ አይደለሁም፣ በሙያዬ የቶርኖ (ብረት እያዞረ የሚላጭ ማሽን) ባለሙያ ነኝ፣ መርካቶ አካባቢ ነው የምሰራው፣ 7 ቁጥርን አይቼ ነው የተመዘገብኩት። ይሄ «ትልቅ ማሽን» ብላችሁ ያለፋችሁት የባቡር ጎማ ቶርኖ ነው! ሁለቱ ጎማ ከነአክሱ አንድ ላይ ተነስቶ ይታሰርበታል፣ አብሮ ይዞራል፣ ቢላው በሁለቱም በኩል እኩል ይላጫል። ለምን እኩል ካላችሁ አንዱ ጎማ ከሌላው ጥቂት ቢያንስ ባቡሩ ወደ አንድ ጎን እየተጫነ ሃዲዱንም ጎማውንም ይበላዋል።

ደስ የሚለው ነገር ደግሞ የባቡር ጎማ እንደ መኪና ጎማ ጠፍጣፋ አይደለም፣ ፊቱ ተዳፋት ነው፣ ከውስጥ በኩል ወፈር ከውጭ በኩል ቀጠን ያለ። ባቡሩ ኩርባ ሲገባ ወደ ውጭ ሸተት ይላል፣ ያኔ የውጪው ጎማ በወፍራሙ በኩል ይረግጣል፣ የውስጡ በቀጭኑ፣ ስለዚህ በአንድ ዙር የውጪው ረዘም ያለ መንገድ ይሄዳል እና ባቡሩ በራሱ ይታጠፋል። ጎማው ሲያረጅ ይሄ ተዳፋት ይጠፋል፣ ቶርኖው የሚመልሰው እሱን ነው። የዓይን ግምት አይሰራም፣ ቅርጹ በላሜራ ተቆርጦ የተዘጋጀ መለኪያ ይኖራል፣ እሱን ጎማው ላይ አስጠግቶ በመሃል ብርሃን ይታይ እንደሆነ ማየት ነው። ያን መለኪያ ያነሳ ሰው አለ? ካለ እባካችሁ ለጥፉት፣ ለኔ ከሎኮሞቲቩ ይበልጥብኛል።

እና አዲስ ጀማሪ፣ ወንድሜ፣ ባቡር መሪ የለውም፣ የሚመራው ሃዲዱና ይሄ ተዳፋት ነው። 14 ላይ ያለው ሌላ ነገር ነው።

---

አዲስ_ጀማሪ

ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ፣ ይሄን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ታዲያ 14 ምንድነው?

---

ከሲልቨር_ስፕሪንግ

ሰላም ከሜሪላንድ። ልጅ ሆኜ ከአዋሽ ድሬ በዚህ ባቡር ሄጃለሁ፣ ፎቶዎቹን ሳይ የፉርጎው ሽታ ነው የመጣብኝ፣ የጭስና የብርቱካን ሽታ።

ከኔ ቤት አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ባልቲሞር ውስጥ የቢ ኤንድ ኦ የባቡር ሙዚየም አለ፣ እኔም እዚህ ካሉ የሀበሻ ፎቶ ወዳጆች ጋር ሁለቴ ሄጄ አንስቻለሁ። ዋናው ክብ ህንፃ በፈረንጆች 1884 የተሰራ ነው፣ 22 ጎን አለው፣ መሃሉ ላይ ባቡር የሚያዞረው መድረክ አለ፣ ብርሃኑ ከላይ ከመስኮቶቹ ይወርዳል። በፈረንጆች 2003 የካቲት ውስጥ ከባድ በረዶ ጣለና የጣሪያው ግማሽ ያህል ታሪካዊዎቹ ሎኮሞቲቮች ላይ ወደቀ። ሰዎቹ ሞተ አላሉም። ጣሪያውን መልሰው ሰርተው በሚቀጥለው ዓመት መጨረሻ ከፈቱት፣ የተጎዱትን ሎኮሞቲቮችም እየጠገኑ ወደ ቦታቸው መለሱ። ይሄን የምለው ገንዘብ ስላላቸው ብቻ አይደለም፣ የእያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ ታሪክ ቀድሞ ተጽፎ ስለነበረ ነው፣ ምን እንደጠፋ ስለሚያውቁ ምን እንደሚመልሱም አወቁ።

የኛ ትልቁ ሀብት ደግሞ እዚህ የሌለ ነገር ነው፣ ማሽኑን በእጃቸው የሰሩበት ሰዎች አሁንም በህይወት አሉ፣ ቡና እየጠጡ ያጫውቷችኋል። እባካችሁ በሚቀጥለው ስትሄዱ ድምጽም ቅዱ። ለመቅጃ የስልክ መቅጃ ይበቃል፣ ከአፋቸው ጠጋ አድርጋችሁ ማራገቢያውን ብቻ አጥፉ።

---

የከዚራ_ልጅ

ትላንት ማታ ፎቶዎቹን ለአባቴ አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ ስልኩን ከኔ ተቀብሎ አንድ ሰዓት ተኩል ያዘው። ያለውን ልጻፍላችሁ፣

14 የእጅ ፍሬን ነው። በየፉርጎው ነበረ፣ ቁልቁለት ላይ ሰው እየዞረ ያጠብቀዋል፣ ቆሞ የሚያድር ፉርጎም በሱ ነው የሚታሰረው። ወጣት ሆኖ በዚህ ነው የጀመረው፣ «ክረምት ላይ ብረቱ ይበርዳል፣ ቆላ ሲወርድ ደግሞ እጅ ያቃጥላል፣ በጨርቅ ነበር የምንይዘው» አለኝ። ይሄን ለኔ ነግሮኝ አያውቅም፣ የሰማሁት በናንተ ፎቶ ምክንያት ነው።

7 የጎማ ቶርኖው ነው፣ ጋሽ ቶርኖ ቤት ልክ ናቸው። መለኪያውን «ጋባሪ» ይሉት እንደነበር ነገረኝ፣ ከፈረንሳዮቹ የመጣ ስም ነው። ድሮ ግድግዳው ላይ በሚስማር ተሰቅሎ ይኖር ነበር፣ 8 ቁጥር ላይ ከሰዓቱ ስር ያለችው ጥቁር ላሜራ እሷ ልትሆን ትችላለች፣ ፎቶውን ማስፋት ይቻላል?

12 ላይ ያለችው አንድ ብቻዋን የቆመችው አውቶራይ ናት፣ ሞተሯ በራሷ ላይ ያለ ፉርጎ። አውቶራይ የሰው ናት፣ የጭነቱን አይደለም፣ ፈጣን ነበረች፣ አባቴ እናቴን ሊጠይቅ የሄደው በሷ ነው።

17ን ሲያይ ግን ዝም አለ። የድልድይ ብረት ነው። በኛ አቆጣጠር በ1969 በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ድልድዮች ሲመቱ መስመሩ ተቆረጠ፣ እነሱ ናቸው ወጥተው የጠገኑት፣ አብረውት የወጡ ሁሉ አልተመለሱም። ስማቸውን አንድ በአንድ ጠራልኝ፣ እዚህ አልጽፈውም፣ ደብተር ላይ ግን ጽፌዋለሁ።

እና 9 ቁጥርን አውቋቸዋል፣ ከእጃቸው ነው ያወቃቸው፣ ከአውራ ጣታቸው ጠባሳ። ጓደኛው ናቸው። ዛሬ ሄጄ ፎቶውን አሳየኋቸው፣ ስማቸው እንዲጻፍ ፈቅደዋል፣ ብርሃን በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ።

---

ብርሃን_አዳኝ

ይሄን ቢሮ ውስጥ ነው ያነበብኩት፣ ተነስቼ ውጭ ወጥቼ ነው የጨረስኩት። እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ፣ ለአባትህም እድሜና ጤና።

8ን አስፍቼ ለጥፌዋለሁ። ጨለማውን ሳወጣው ጠርዟ ጎበጥ ያለች ላሜራ ከሚስማር ላይ ተንጠልጥላ ትታያለች። ይሄን ፎቶ ለሰዓቱ ብዬ ነበር ያነሳሁት፣ ልቆርጣትም አስቤ ነበር።

---

ቶርኖ_ቤት

እሷው ናት!! የጎማው ጆሮ (ከሃዲዱ እንዳይወጣ የሚይዘው ጠርዝ) የሚገባበት ጉድጓድ ይታያል፣ ከዛ የሚቀጥለው ተዳፋት ነው። አፏ የተበላ አይመስልም፣ በደንብ የተያዘች ናት። ለልምድ ሰልጣኞቼ ዛሬ አሳየኋቸው፣ ሁለቱ ድሬ እንሂድ እያሉኝ ነው። በሚቀጥለው ጉዞ ቦታ ካለ እኔም እመጣለሁ፣ ፎቶ ባላነሳም የእያንዳንዱን ማሽን ስም፣ የሚሰራበትንና የጎደለውን ክፍል እጽፋለሁ።

---

ሃምሳ_ሚሜ

ቦታ አለ ጋሼ። ብርሃን፣ ከክለቡ ጋር ተነጋግረን የተስማማንበትን ልጻፈው። ኤግዚቢሽኑ ለአንድ ወር ይገፋል። ድጋሚ እንወርዳለን፣ በዚህኛው 14 ሰው ሳይሆን ስድስት፣ ብዙ ሰው ሲሆን ጋራዡ ውስጥ እርስ በርስ ነው የምንነሳሳው፣ ሰራተኞቹም አይረጋጉም። ሁለቱ ድምጽ ይቀዳሉ፣ ሁለቱ ያነሳሉ፣ ጋሽ ቶርኖ ቤት ይጽፋሉ፣ አዲስ ጀማሪ ከሳቸው ስር ሆኖ እያንዳንዱን ክፍል በስልክ ያነሳል፣ ቁጥሩ ከጽሁፉ ጋር እንዲገጥም። እያንዳንዱ ፎቶ ስር የሰው ስም (ፈቃደኛ ከሆነ)፣ ስራው፣ የተነሳበት ቀን። የማሽኑ ስም ሰራተኞቹ በሚጠሩት አጠራር ይጻፋል።

አንድ ማሳሰቢያ ደግሞ አለኝ፣ ባለፈው ከኛ አንዱ ፉርጎ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ነበር፣ ላሜራው በስቶ ሊያወርደው ይችል ነበር፣ ለራሱም ለፉርጎውም አደጋ ነው። ይሄ ድጋሚ አይሆንም። ጉድጓዱም አጠገብ፣ ከሎኮሞቲቭ ስር የሚሰሩበት፣ በካሜራው እያያችሁ ወደ ኋላ አትራመዱ።

---

ከሲልቨር_ስፕሪንግ

ህትመቱን እኔ እችላለሁ። የ9፣ የ11 እና አባቶቹ የሚመርጡትን ሌላ ሶስት አሳትሙ፣ 30 በ40፣ ማት ወረቀት ይሁን፣ በድሬ መስኮት አንጸባራቂው አይታይም። ለኤግዚቢሽን ከማሳየታችሁ በፊት ለነሱ ስጧቸው። በቅርቡ አዲስ አበባ የምትሄድ እህት አለችኝ፣ ገንዘቡን በሷ እልካለሁ።

---

አዲስ_ጀማሪ

14 ስር የጻፍኩትን አስተካክያለሁ፦ «የፉርጎ የእጅ ፍሬን፣ ድሬዳዋ። ቆላ ሲወርድ በጨርቅ ነበር የሚያዘው።» ልክ ነው?

---

የከዚራ_ልጅ

ልክ ነው፣ ለአባቴ አነበብኩለት፣ ወድዶታል። «ክረምት ላይ ይበርዳል የሚለውን ለምን ተወው» ብሏል ግን፣ ጨምርበት።

ብርሃን፣ ርዕሱን አባቴን ራሱን ጠይቁት። እኔ ጠይቄው ነበር፣ «መጀመሪያ ይምጡ» ነው ያለኝ። ስትመጡ ከጠዋቱ ቀድማችሁ ድረሱ፣ ከስድስት ሰዓት በኋላ ሙቀቱ አያሰራችሁም፣ እሱም ከምሳ በኋላ ይተኛል። ቁርስ እኛ ቤት ነው፣ ፈጢራ አዘናል፣ ስድስት ሰው ናችሁ ወይስ ሰልጣኞቹም አሉ? እናቴ ቁጥሩን እየጠበቀች ነው።

---

ቶርኖ_ቤት

ሰልጣኞቹ ሁለት ናቸው። ስምንት በሉ።